ጡረታ ከሚወጡ ባለሙያ የሥነ ልቦና ክሊኒክ መግዛት፦ ስለ አሻሻጩ ድርጅት አገልግሎት

በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሲሠራ የቆየውን የግል የሥነ ልቦና ክሊኒክ ጡረታ ከሚወጡት ባለቤቱ የገዛሁት በአንድ አሻሻጭ ድርጅት አማካይነት ነው። በአካባቢው የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን የሙያ ባልደረቦቼ ስለ ሂደቱ ስለሚጠይቁኝ የአገልግሎቱን ጥንካሬና ድክመት እንዳየሁት አቀርባለሁ።

ድርጅቱ በተለይ የሚመሰገነው በዋጋ ትመናው ነው። የዓመቱን ገቢ ብቻ ተመልክቶ ዋጋ አልጠራም፤ ከገቢው ምን ያህሉ ሻጯ ራሳቸው ከሚያዩዋቸው ተገልጋዮች፣ ምን ያህሉ ደግሞ በክሊኒኩ ከተቀጠሩት ባለሙያዎች ሥራ እንደሚገኝ ለይቶ አሳየኝ። ተገልጋዩ ምስጢሩን ያካፈለው ለእርሳቸው እንጂ ለክሊኒኩ ስም ባለመሆኑ፣ ከእርሳቸው ጋር አብሮ ሊሄድ የሚችለውን ገቢ እንደሚቀር ቆጥሮ መክፈል ገዢውን ለኪሳራ ይዳርጋል። ዋጋው በዚሁ መሠረት ዝቅ እንዲል ሻጯን ያግባባው ድርጅቱ ነው።

የምስጢር አጠባበቁም የሚያስመሰግን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ሂፓ የተባለው የአሜሪካ ሕግ የጤና መረጃን ምስጢር የሚጠብቁ ደንቦች፣ ከሽያጭ በፊት ገዢው ለሚያደርገው ማጣራት የተወሰነ መንገድ ቢከፍቱም፣ ድርድሩ እስኪያልቅ ድረስ የአንድም ተገልጋይ ስም እንዳይደርሰኝ ተደርጓል። ከስምምነቱ በኋላ ሻጯ ለእያንዳንዱ ተገልጋይ በፊርማቸው ደብዳቤ ጻፉ፤ ከእኔ ጋር መቀጠል፣ ወደ ሌላ ባለሙያ መላክ ወይም የመዝገቡን ቅጂ መውሰድ የተገልጋዩ ምርጫ መሆኑን ገለጹ። ፈቃደኛ ከሆኑት ጋርም ሻጯ፣ ተገልጋዩና እኔ ሦስታችን ሆነን ተነጋገርን። ለዓመታት የዘለቀ የምክር ግንኙነት በወጉ ካልተዘጋ ተገልጋዩ እንደተተወ ሊሰማው ስለሚችል፣ ይህን ክፍል የሚያጣድፍ አሻሻጭ ቢመጣ ገንዘቡ ቢያዋጣም እንኳ አልስማማም።

የቆዩ መዝገቦች ኃላፊነት በውሉ በግልጽ ሰፍሯል። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር መመሪያ፣ የክልሉ ሕግ የተለየ ነገር ካላዘዘ፣ የአዋቂዎች መዝገብ ከመጨረሻው አገልግሎት በኋላ ለ7 ዓመት እንዲቆይ ይመክራል፤ የልጆች ደግሞ ለዚያው ጊዜ ወይም ለአካለ መጠን ከደረሱ በኋላ ለ3 ዓመት፣ የትኛውም ቢረዝም።

ድርጅቱ የወደቀው በኢንሹራንስ ጉዳይ ነው። ለተገልጋዮች ሕክምና የሚከፍሉትን የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ውል ከክሊኒኩ ጋር በራሱ የሚተላለፍ አስመስሎ አቀረበው፤ እውነታው ግን እያንዳንዱ ኩባንያ ገዢውን እንደ አዲስ አመልካች መርምሮ የሚያጸድቅ መሆኑና ይህም ወራት ሊወስድ መቻሉ ነው። ጠበቃዬ ይህን ባያነሱ ኖሮ ክፍያ በማይገኝበት ጊዜ የቤት ኪራይና ደመወዝ እከፍል ነበር። ሻጯ ከሄዱ በኋላ ባለፈ ሥራቸው ላይ ለሚነሳ ክስ የሚያገለግለውን የኃላፊነት መድን ማራዘሚያም ቢሆን እኔ ጠይቄ ነው በውሉ የገባው።

ለዋጋ ትመናና ለርክክብ ድርጅቱን በሙሉ ልብ እመክራለሁ። ኮሚሽኑን የሚከፍሉት ሻጯ በመሆናቸው ግን፣ ገዢ የሆነ ሰው የጤና ተቋማትን ሕግ የሚያውቅ የራሱን ጠበቃ ገና ከመጀመሪያው ስብሰባ ይዞ ይቅረብ።