ጠባቡ ካልሲ ወይስ እግርን ከፍ ማድረግ?

ቆሞ የሚውል ሰው፣ አስተማሪም ይሁን ፀጉር አስተካካይ፣ ማታ እግሩ ይከብደዋል፤ ቁርጭምጭሚቱም ያብጣል። አንዱ የተለመደ ምክንያት የደም መልስ ቫልቮች (ደም ወደ ታች እንዳይመለስ የሚዘጉት ትንንሽ ክዳኖች) መላላት ነው። ወደ ልብ መመለስ የነበረበት ደም ወደ ታች ይወርድና እዚያው ይጠራቀማል።

እግርን ከልብ ከፍ አድርጎ ለ15 ደቂቃ ያህል መጋደም ወጪ የለውም። በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ ቢደጋገም እብጠቱን ይቀንሳል። ግን ሥራ ላይ ያለ ሰው የት ይጋደማል?

የሕክምናው ጠባብ ካልሲ ቆመው እየሠሩም ያግዛል። ቁርጭምጭሚት ላይ ይጠብቃል፣ ወደ ላይ እየላላ ይሄዳል። ጠዋት፣ እግር ሳያብጥ ነው የሚለበሰው። ካበጠ በኋላ ማስገባቱ ትግል ነው። መጀመሪያ ተረከዙን በቦታው ማስተካከል፣ ከዚያ ሽብሽቡን በመዳፍ ወደ ላይ ማቃናት ያስፈልጋል። ከረዘመ አናቱን እንዳታጥፉት፤ የታጠፈው ቦታ ደሙን ያፍናል። ሙቀት ባለበት አገር ግን እውነትም ያስቸግራል።

ቆሞ ለሚሠራ ሰው እኔ ካልሲውን አስቀድማለሁ። ማታ ቤት ሲገባ አውልቆ እግሩን ትራስ ላይ ይስቀል። የእግር ደም ቅዳ (ደም ከልብ የሚያመጣው ሥር) መጥበብ ወይም የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ግን ሐኪም ሳያማክር እንዳይለብሰው። አንድ እግር ብቻ ድንገት አብጦ ካመመ የረጋ ደም ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት ነው።