የሕፃናት ምጥን የከባድ ብረት ምርመራ፦ የትኛው መሣሪያ ላይ ነው የሚከፈለው?

ካዛንቺስ አካባቢ የሚገኝ አንድ ላቦራቶሪ የምጥን ዱቄትን በሁለት መሣሪያ ይመረምራል፤ በነበልባል አቶሚክ አብዞርፕሽን (ናሙናውን በእሳት ነበልባል አትንኖ ብረቱ የሚመጠውን ብርሃን በሚለካ) እና በአይሲፒ-ኤምኤስ (ናሙናውን በጋለ የአርጎን ጋዝ ፕላዝማ በትኖ አተሞቹን በክብደታቸው በሚለይ)። የመጀመሪያው ርካሽ ነው፤ ለእርሳስ ግን አይሆንም።

የአውሮፓ ኅብረት ከእህል ለሚዘጋጅ የሕፃናት ምግብ የፈቀደው የእርሳስ ጣሪያ በኪሎ 20 ማይክሮግራም ነው፤ የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ በ2025 እ.ኤ.አ. ለደረቅ የሕፃናት እህል ያወጣውም ይኸው ነው። 0.5 ግራም ዱቄት በናይትሪክ አሲድና በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ሟሙቶ እስከ 50 ሚሊ ሊትር ሲሞላ 100 እጥፍ ይቀጥናል። ነበልባሉ በሊትር ከ10 ማይክሮግራም በታች የሆነ እርሳስን እምብዛም አይለይም፤ ይህ ወደ ዱቄቱ ሲመለስ በኪሎ 1,000 ማይክሮግራም ይሆናል። ስለዚህ ከጣሪያው 40 እጥፍ እርሳስ ያለበት ምጥን «አልተገኘም» የሚል ወረቀት ሊያገኝ ይችላል። ያንን ወረቀት ይዞ ለእናቶች መሸጥ ከባድ በደል ነው።

በአይሲፒ-ኤምኤሱ ሥራቸው ያስመሰግናል። ከየዙሩ ጋር ዱቄት የሌለበት አሲድ (ብላንክ) አብሮ ይመረመራል። ጣሪያው ላይ የደረሰ 0.5 ግራም ዱቄት የሚይዘው እርሳስ 10 ናኖግራም ብቻ ነውና፣ በደንብ ያልታጠበ ዕቃ ወይም የመንገድ አቧራ ውጤቱን ያበላሸዋል። ትክክለኛነቱንም የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ኒስት ይዘቱን ባረጋገጠው፣ 1568ቢ በተባለ የሩዝ ዱቄት ይፈትሹታል፤ ካድሚየሙ በኪሎ 22.4 ማይክሮግራም መሆኑ የታወቀ ነው። ለአርሴኒክ ሂሊየም ጋዝ ይጠቀማሉ፤ ከጨው የሚመጣ ክሎሪን ከመሣሪያው አርጎን ጋር ተጣብቆ እንደ አርሴኒክ ክብደቱ 75 ስለሚሆን፣ ያለ ሂሊየም ቁጥሩ በሐሰት ያብጣል።

ጉድለት አለ። ናሙናውን በብረት መፍጫ ያልሙታል፤ ለእርሳስ ብዙ ባይጎዳም ክሮሚየምና ኒኬል ከመፍጫው ሊገባ ይችላል። አርሴኒክም በድምር ብቻ ይወጣል፤ ኤፍዲኤ ለሕፃናት የሩዝ ምግብ ያወጣው በኪሎ 100 ማይክሮግራም ግን ኢኦርጋኒክ የሆነውን (ከካርቦን ጋር ያልተጣመረውን፣ ይበልጥ መርዛማውን) ብቻ ነው የሚመለከተው። ሩዝ ያለበት ምርት ድምሩ ከፍ ካለ መልሱ ገና አልተገኘም ማለት ነው።

የታሸገ ምርት ሳይከፈት ይወሰድ። በወፍጮ ቤት የሚያስፈጩ ደግሞ ያልተፈጨውን እህልና ዱቄቱን ለየብቻ በአዲስ ፕላስቲክ ከረጢት ቢያቀርቡ፣ ብረቱ ከማሳው ይሁን ከወፍጮው ልዩነቱ ይነግራቸዋል። የአይሲፒ-ኤምኤሱ ዋጋ እጥፍ ቢሆንም የሚያዋጣው እሱ ነው። ከመክፈል በፊት የመለኪያው ዝቅተኛ ወሰንና የብላንኩ ቁጥር በውጤቱ ወረቀት ላይ እንዲጻፍ ይጠየቅ፤ ካልተጠየቀ አይጽፉትም።