ለከባድ ፊፍዝ ዊል ተሳቢ ባለ አየር ሂች፦ አየሩ የት ላይ ቢሆን ይሻላል?

ከ14,000 ፓውንድ፣ ማለትም ከ6,350 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝን ፊፍዝ ዊል ተሳቢ በፒክ አፕ እየጎተተ ረጅም መንገድ ለሚሄድ ሰው፣ ባለ አየር ሂች፣ ማለትም ምቱን በአየር ከረጢት የሚያበርድ ማያያዣ፣ የወጣበትን ገንዘብ የሚክስ ዕቃ ነው። ፊፍዝ ዊል የምለው አፍንጫው በፒክ አፑ ካሶኒ ውስጥ ባለ ሂች ላይ የሚያርፍ፣ እንደ ቤት የሚኖርበትን ተሳቢ ነው። ይህን የምለው ግን በሁለት ቅድመ ሁኔታዎች ነው፤ አንደኛው መኪናው የአየሩን እርዳታ ሳይጠብቅ ጭነቱን መሸከም የሚችል መሆኑ ሲሆን፣ ሁለተኛው ባለቤቱ ከመነሳቱ በፊት የሂቹን አየር ማየትን ዘይትና ጎማ ከማየት እኩል የሚቆጥር መሆኑ ነው። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ ተራውን ቋሚ ሂች ገዝቶ የተረፈውን ገንዘብ ለጎማና ለፍሬን ማዋል ይሻላል።

የምኖረው በኮሎራዶ ግዛት፣ በአውሮራ ከተማ ነው። እዚህ ካለነው ኢትዮጵያውያን መካከል በከባድ መኪና የሚተዳደሩት ጥቂት ስላልሆኑ ፊፍዝ ዊል የሚለው ስም ለብዙዎቻችን እንግዳ አይደለም። ሆኖም በሴሚው፣ ማለትም ተሳቢ በሚጎትተው ከባድ መኪና፣ የለመድነውን ይዘን ወደ ፒክ አፑ ስንመጣ ነገሩ ይለያል። በዛሬዎቹ ሴሚዎች ላይ የኋላ አክስሎቹ ራሳቸው አብዛኛውን ጊዜ በአየር ከረጢት ላይ የተቀመጡ ስለሆኑ፣ ከመንገዱ የሚነሳው ምት ሾፌሩ ዘንድ ሳይደርስ ይበርዳል። ባለ አንድ ቶን የሚባለው (ስሙ የመኪናውን ደረጃ እንጂ ትክክለኛ የመሸከም አቅሙን አይገልጽም) ፒክ አፕ ግን፣ ከጥቂት ሞዴሎች በስተቀር፣ ከኋላ የቆመው በጠንካራ ባሌስትራ ላይ ነው። ባሌስትራው ከባድ ጭነት እንዲችል ተብሎ የተሠራ በመሆኑ ለትንንሽ ምት አይበገርም፤ ስለዚህ የተሳቢው አፍንጫ የሚያመጣው ግፊያ በቀጥታ ወደ ካሶኒው፣ ከካሶኒው ወደ ሻንሲው፣ ከዚያም ወደ ተሳፋሪው ወገብ ይዘልቃል።

ግፊያው በሁለት መልክ ይመጣል። አንደኛው ወደ ላይና ወደ ታች መናጥ ነው፤ የኮንክሪት አውራ ጎዳና በየተወሰነ ርቀት መገጣጠሚያ ስላለው፣ የመኪናው የፊት ጎማ፣ የኋላው ጎማ፣ ከዚያም የተሳቢው ጎማዎች በየተራ ሲረግጡት መኪናውና ተሳቢው አብረው መወዛወዝ ይጀምራሉ፤ ፍጥነቱ ከመገጣጠሚያዎቹ ርቀት ጋር ከገጠመ ደግሞ ውዝዋዜው ራሱን እያጠናከረ ይሄዳል። ሁለተኛው ወደ ፊትና ወደ ኋላ መንጠቅ ነው። የተሳቢው ኪንግ ፒን፣ ማለትም ከአፍንጫው ወደ ታች ወጥቶ ሂቹ ውስጥ የሚገባው ብረት፣ ውፍረቱ 2 ኢንች ሲሆን፣ የሂቹ መንጋጋ እያረጀ ሲሄድ በሁለቱ መካከል ክፍተት ይፈጠራል፤ ነዳጅ በተሰጠና ፍሬን በተያዘ ቁጥር ብረቱ ያንን ክፍተት ዘሎ ይመታል። ይህ ሁሉ ምቾት ብቻ የሚነሳ ነገር አይደለም። በቋሚ ሂች ስጎትት በነበረበት ጊዜ፣ መድረሻዬ ላይ የተሳቢውን በር ስከፍት የወጥ ቤቱ መሳቢያዎች ተከፍተው፣ የቁም ሣጥኑ ማጠፊያ ብሎኖችም ላልተው አገኛቸው ነበር፤ ከዚህ የከፋው ጉዳት ደግሞ ዓይን በማያየው ቦታ፣ ፒን ቦክሱ፣ ማለትም ኪንግ ፒኑን የተሸከመው የብረት ሣጥን፣ ከተሳቢው ሻንሲ ጋር በሚያያዝበት አካባቢ የሚጠራቀመው የብረት ድካም ነው።

በካሶኒው ውስጥ የሚቀመጠው ባለ አየር ሂች አሠራሩ ቀላል ነው። የታችኛው የብረት ክፈፍ ከመኪናው ጋር ይታሰራል፤ የላይኛው ክፈፍ፣ መንጋጋውን ተሸክሞ፣ በአንድ ጫፉ በማጠፊያ ከታችኛው ጋር ይያያዛል፤ በሌላው ጫፍ በሁለቱ መካከል የአየር ከረጢት ይገባል፤ ከረጢቱ እንደ ኳስ መንጠሩን እንዳይቀጥል ደግሞ ሾክ አብዞርበሮች አጠገቡ ይቆማሉ። ሾክ አብዞርበር የሌለውን ባለ አየር ሂች ለከባድ ተሳቢ አልመክርም፤ ከረጢት ብቻውን ምቱን ያዘገየዋል እንጂ አያጠፋውም። ኪንግ ፒኑን የሚይዘው መንጋጋ የሚቆለፈው በብረት እንጂ በአየር ስላልሆነ፣ ከረጢቱ በመንገድ ላይ ቢተነፍስ ተሳቢው ይለቃል ማለት አይደለም፤ የላይኛው ክፈፍ ወርዶ ብረት ከብረት እንዳይጋጭ በተቀመጠው መከላከያ ጎማ (ላስቲክ) ላይ ያርፋል፣ በዝግታ እየነዱም ደህና ቦታ መድረስ ይቻላል።

ከሁሉም በፊት መታየት ያለበት ክብደት ነው፤ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ከኮርቻ ሥር የሚነጠፍ ግላስ የበቅሎዋን ጀርባ ከቁስል ይጠብቃል እንጂ ጭነቱን እንደማያቀል ሁሉ፣ በሂቹ ውስጥ ያለው አየርም በመኪናው ላይ የሚያርፈውን ክብደት በአንድ ፓውንድ እንኳ አይቀንስም። እንዲያውም ባለ አየር ሂች ራሱ ከቋሚው ይከብዳል፤ ያ ትርፍ ክብደትም የሚቀነሰው ከመኪናው የመሸከም አቅም ላይ ነው። በፊፍዝ ዊል ተሳቢ ከጠቅላላ ክብደቱ ከ15 እስከ 25 በመቶ የሚሆነው በኪንግ ፒኑ በኩል መኪናው ላይ ያርፋል፤ ለመኖሪያ በተሠሩት ከባድ ተሳቢዎች ደግሞ ከ20 በመቶ በላይ አድርጎ ማስላት ይበጃል። ተሳቢው ተጭኖ 16,000 ፓውንድ ከሆነ በፒኑ ላይ ከ3,200 እስከ 4,000 ፓውንድ ይጠበቃል። በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ የሰውና የዕቃ ክብደት ከ5,200 ፓውንድ እንዳይበልጥ ተጽፎ ከሆነ፣ 4,000 ለፒኑ፣ 250 ለሂቹ፣ 600 ለአራት ተሳፋሪዎች ሲቀነስ የሚተርፈው 350 ፓውንድ ብቻ ነው፤ የመሣሪያ ሣጥን፣ ጀነሬተርና ውሻ የሚጫነው በዚያ ላይ ነው። ይህ እንግዲህ ከኋላ አራት ጎማ ባለው ባለ አንድ ቶን መኪና ነው። ጠቅላላ ክብደቱ 10,000 ፓውንድ ላይ በተገደበ አነስ ያለ ዲዝል ፒክ አፕ ይህን ተሳቢ መጎተት አይገባም፤ ሻጩ የመጎተት አቅሙን እየጠቀሰ ቢያግባባም የሚያግደው የመሸከም አቅሙ ነው። በባሌስትራው ላይ የሚጨመሩት ደጋፊ የአየር ከረጢቶችም መኪናው ከኋላ እንዳይዘቀዝቅ ያደርጋሉ እንጂ በበሩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አይለውጡም።

ትክክለኛውን ቁጥር ለማግኘት ግምት አያስፈልግም። የከባድ መኪና ማረፊያዎች ላይ ባለው፣ ካት ስኬል በተባለው የመኪና ሚዛን፣ መኪናውን ሰውና ነዳጅ እንደ ሞላ ብቻውን ማስመዘን፣ ከዚያም ተሳቢውን አያይዞ ደግሞ ማስመዘን ነው፤ በመኪናው የፊትና የኋላ አክስሎች ላይ የታየው ጭማሪ የፒኑ ክብደት ነው። ወንድሞቻችን የከባድ መኪና ሾፌሮች ይህን በየዕለቱ የሚሠሩት ነውና፣ ለአዲስ ተሳቢ ገዢ ከእነርሱ የተሻለ አማካሪ አይገኝም።

ክብደቱ ከተረጋገጠ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ አየሩ የት ይቀመጥ የሚለው ነው። አንዱ መንገድ ከላይ የገለጽሁት፣ በካሶኒው ውስጥ የሚቀመጠው ነው፤ በዚህ ረገድ ትሬይለር ሴቨር የታወቀ ስም ነው። ሁለተኛው መንገድ በተሳቢው ላይ ያለውን ፒን ቦክስ በባለ አየር ፒን ቦክስ መተካት ሲሆን፣ የሊፐርት ፍሌክስ ኤር ከዚህ ወገን ነው። የሪስ ጉዝ ቦክስም አየሩን የሚይዘው በተሳቢው በኩል ነው፤ ነገር ግን ኪንግ ፒኑን ጨርሶ አስቀርቶ በካሶኒው ወለል ላይ ባለ 2 ከ5/16 ኢንች ኳስ ላይ ስለሚቀመጥ፣ በካሶኒው ውስጥ ከባድ ሂች መሸከም ይቀራል። ሦስተኛው አየር የሌለበት፣ ምቱን በላስቲክ ጎማ የሚያበርደው የሞርራይድ ፒን ቦክስ ነው።

የእኔ ምርጫ የመጀመሪያው ነው። ተሳቢ ይለወጣል፣ መኪናውና ሂቹ ግን ይቆያሉ፤ በካሶኒው ውስጥ ያለውን ሂች ለሚቀጥለው ተሳቢም መጠቀም ይቻላል፤ የተሳቢውን ሻንሲ አሠራርና ዋስትናም አይነካም። ወደ ላይና ወደ ታች ያለውን መናጥ በመቀነስ ረገድ ካየኋቸው ሁሉ የሚበልጠው እርሱ ነው። ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያለውን መንጠቅ ግን ሙሉ በሙሉ አያስቀርም፤ በዚህ በኩል በላስቲክ ጎማ የሚሠራው ፒን ቦክስ ይበልጣል። ስለዚህ ዋና ቅሬታው መንጠቁ የሆነ፣ አየር መቆጣጠርም የማይወድ ሰው የሞርራይዱን ፒን ቦክስ ቢመርጥ አይቆጨውም። ካሶኒውን ለሌላ ሥራ ቶሎ ቶሎ ባዶ ማድረግ ለሚፈልግ ሰው ደግሞ ጉዝ ቦክሱ ይመቻል። በካሶኒው ውስጥ ባለ አየር ሂች፣ በተሳቢው ላይም ባለ አየር ፒን ቦክስ በአንድ ላይ መግጠምን ግን አልደግፈውም፤ ሁለት ልል ነገሮች ተደራርበው እርስ በርስ ይናጣሉ።

ፒን ቦክስ ከመለወጥ በፊት የተሳቢውን ሻንሲ ከሠራው ኩባንያ በጽሑፍ መልስ ማግኘት የግድ ነው። ኪንግ ፒኑን ወደ ታች አስረዝሞ ኳስ ላይ የሚያሳርፍ ተራ ማስረዘሚያ፣ ፍሬን በተያዘ ቁጥር በፒን ቦክሱ ላይ የሚያርፈውን የማጠፍ ኃይል በርዝመቱ ልክ ስለሚያበዛው፣ ሻንሲው ቢሰነጠቅ ዋስትናው ሊከለከል ይችላል።

በቦታ ረገድ ባለ አጭር ካሶኒ መኪና ያለው ሰው መጠንቀቅ አለበት። ሲታጠፍ የተሳቢው አፍንጫ የመኪናውን የኋላ መስታወት እንዳይነካ የሚንሸራተት ሂች ሊያስፈልገው ስለሚችል፣ የሚገዛው ባለ አየር ሂች ያን የሚያሟላ መሆኑን አስቀድሞ ይጠይቅ። በተሳቢው ሆድና በካሶኒው የጎን ከንፈር መካከል ቢያንስ 6 ኢንች፣ ማለትም 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት መኖር አለበት፤ ይህም መለካት ያለበት ከረጢቱ ተነፍቶ ሳለ ብቻ ሳይሆን ተንፍሶ ሲወርድም ጭምር ነው።

አሁን ስለ አየሩ። ብዙ ሰው መለኪያውን ቫልቩ ላይ ደግኖ አንድ ቁጥር ይፈልጋል፤ መታየት ያለበት ግን በመጀመሪያ የላይኛው ክፈፍ ከፍታ ነው። ተሳቢው ተያይዞ፣ ብቻውን ሲቆም የሚደገፍባቸው እግሮቹ ተነስተው፣ መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ቆሞ ሳለ የላይኛው ክፈፍ ፋብሪካው ባመለከተው መሐል ላይ መዋል አለበት፤ ከዚያ በላይ ከተነፋ ሂቹ እንደ ቋሚ ይደርቃል፣ ከዚያ በታች ከሆነ መከላከያ ጎማውን ይመታል። ከፍታው የሚቀድምበት ምክንያት የፊዚክስ ነው፦ ከረጢቱ የሚሸከመው ክብደት እስካልተለወጠ ድረስ መለኪያው የሚያሳየው ግፊት ብዙም አይለወጥም፤ የሚለወጠው የአየሩ መጠን ነው። ሌሊቱ ሲበርድ አየሩ ይሰበሰብና ክፈፉ ይወርዳል፤ በኢንተርስቴት 70 ከዴንቨር ተነስተን ከባሕር ወለል 3,401 ሜትር ወደሚደርሰው የአይዘንሃወር ዋሻ ስንወጣ ደግሞ የውጭው አየር ስለሚሳሳ ከረጢቱ ያብጣል፣ ክፈፉም ከፍ ይላል። በሁለቱም ጊዜ መለኪያው ያው ነው ሊል ይችላል።

መለኪያው የሚጠቅመው ለሌላ ነገር ነው። ክፈፉን ሁልጊዜ ወደ አንድ ምልክት ካመጡ በኋላ ግፊቱን ቢመዘግቡ፣ ቁጥሩ የፒኑን ክብደት ለማነጻጸር ያገለግላል። አንድ ጋሎን ውኃ 8.3 ፓውንድ ያህል ስለሚመዝን፣ ባለ 60 ጋሎን ታንክ ሲሞላ 500 ፓውንድ ይጨምራል፤ ታንኩ ከተሳቢው አክስሎች ፊት ከሆነ የሂቹ ግፊት ከፍ ብሎ ይታያል፣ ከኋላ ከሆነ ይቀንሳል። ሚዛን በሌለበት ካምፕ ይህ ትልቅ እርዳታ ነው።

አየሩን ለመሙላት በመኪናው ባትሪ የሚሠራ ባለ 12 ቮልት ኮምፕሬሰር ይበቃል። የሂቹን ከረጢት ከባሌስትራው ደጋፊ ከረጢቶች ጋር በአንድ መስመር ማገናኘት ግን ጥሩ አይደለም፤ አንዱ ቢያፈስ ሁሉም ይወርዳሉ። መንጋጋው በሚቀመጥበት ሳህን ላይ ግራሶ ከመለቅለቅ ይልቅ የፕላስቲክ ማንሸራተቻ ዲስክ መግጠም ልብስንም ካሶኒንም ያድናል፤ ዲስኩ ከመጠን በላይ ወፍራም ከሆነ ግን ኪንግ ፒኑ በቂ ጥልቀት ስለማይገባ መንጋጋው በትክክል አይዘጋም፤ ስለዚህ ውፍረቱ ፋብሪካው ከሚፈቅደው አይለፍ። ካያያዙ በኋላም የተሳቢው እግሮች መሬት ሳይለቁ፣ የተሳቢውን ፍሬን በእጅ መቆጣጠሪያው ይዞ መኪናውን ቀስ ብሎ ወደ ፊት መሳብና መቆለፉን በዓይን ማረጋገጥ ፈጽሞ የማይዘለል ነው።

ባለ አየር ሂች ከቋሚው በዋጋ እጅግ ስለሚበልጥ ያገለገለ መግዛት ያዋጣል፤ ብረቱ ቶሎ አያልቅምና። ሲገዙ ከረጢቱ የሚታጠፍበትን ቦታ በጣት ገልጦ ስንጥቅ እንዳለው ማየት፣ ሞልቶ በሳሙና ውኃ ቫልቩንና መገጣጠሚያዎቹን ማዳረስ፣ የማጠፊያውን ቡሽ (የውስጥ ቀለበት) በረጅም ብረት ነቅነቅ አድርጎ ልልነቱን መፈተሽ ያስፈልጋል። ከረጢቱና ሾክ አብዞርበሩ ለብቻቸው ተገዝተው ይተካሉ፤ የማጠፊያው ቀዳዳ ሞላላ ሆኖ ከተበላ ወይም መንጋጋው ኪንግ ፒኑን አጥብቆ ካልያዘ ግን ዋጋው የቱንም ያህል ቢቀንስ አይገዛም።