የዶልፊን ታይሚንግ ቺንጋ፦ የቱ ይሻላል?

«አያ፣ የቱን ቺንጋ ልግዛ?» የሚል ስልክ ከኩታበርም ከሐይቅም ይደወልልኛል። መልሴ ሁሌም አንድ ነው፤ ዛሬ ምክንያቱን ጭምር ልጻፈው። ወሬዬ ስለ ታይሚንግ ቺንጋ ነው፤ የሞተሩ ክፍሎች ጊዜያቸውን ጠብቀው እንዲዞሩ ስለሚያስተሳስረው ባለ ጥርስ የጎማ ቀበቶ፤ 3ኤል ወይም 5ኤል የናፍታ ሞተር ስላላቸው ዶልፊንና ሃይሉክስ። ኢሱዙ ኤንፒአር ያላችሁ እለፉት፤ የእናንተ በቺንጋ ሳይሆን በብረት ጥርስ ነው የሚዞረው።

ለመጨረሻ ጊዜ ደሴ ላይ ስጠይቅ ዋጋው እንዲህ ነበር። በቶዮታ ካርቶን ያለው ኦሪጅናል 9,500 ብር። ባንዶ ወይም ሚትሱቦሺ የተባለው ብራንድ 4,800። ኮፒው 1,900። ልብ በሉ፣ ኮፒውም የሚሸጠው በቶዮታ ካርቶን ነው።

እኔ የተሸወድኩት እዚያ ላይ ነው። ባለሱቁ «ያው ነው ወንድሜ፣ በሌላ መንገድ ስለገባ ነው የረከሰው» አለኝ። ከባንዶው 2,900 ብር ተረፈልኝ ብዬ ግቢዬ ውስጥ ራሴ ቀየርኩት። 11 ሺህ ኪሎ ሜትር በቅጡ ሳይሞላ፣ ከኮምቦልቻ ስመለስ ሐረጎ ዳገት ላይ ሞተሩ ድንገት ጸጥ አለ። ቁልፍ ሳዞር ሞተሪኖው (ሞተር ማስነሻው) ያለወትሮው ቀሎት ይሽከረከራል። ያን ድምፅ አንዴ የሰማ አይረሳውም። ሽፋኑን ስከፍተው ቺንጋው አልተበጠሰም። ጥርሱ ነው የተላጠው። ስምንት ጥርስ ረግፎ ሽፋኑ ውስጥ እንደ ቆሎ ተበትኗል።

በዚህ ሞተር ቺንጋው ከከዳ ፒስተን ከቫልቮላ (ከአየር ማስገቢያና ከጭስ ማስወጫ ክዳኖቹ) ይጋጫል። ከ8ቱ ቫልቮላ 5ቱ ጎብጠዋል። ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ማውረድ፣ ቫልቮላ፣ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ)፣ ቶርኖ ቤት፣ የእጅ ዋጋ፤ በድምሩ 46,000 ብር። ያለ ሥራ የቆመበትን ዘጠኝ ቀን ሳልቆጥር።

ስለዚህ ምርጫዬ ባንዶ ነው። ሚትሱቦሺ ካገኛችሁም ያዙት። ሁለቱም የጃፓኗ ኮቤ ከተማ ኩባንያዎች ናቸው፤ ቺንጋ ዋና ሥራቸው ነው። ኦሪጅናሉ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ግን እኔ እስካየሁት ድረስ አስመሳዩ የሚበዛው በቶዮታ ካርቶን ነው። 9,500 ከፍሎ ኮፒ ይዞ የገባ ጓደኛ አለኝ።

የትኛውንም ብትገዙ ሱቅ ውስጥ ከካርቶኑ አውጡት። ጽሑፉን በአውራ ጣት ጠንከር አድርጋችሁ እሹት። የእኔ ኮፒ ነጭ ቀለሙ ጣቴ ላይ ቀርቶ ነበር፤ ያኔ አልነቃሁም። ጥርሱ ላይ ያለውን ጨርቅ በጥፍር ሞክሩት። ጥርሱን ቁጠሩና ከአሮጌው ጋር አስተያዩት። አጥፋችሁ ወይም ቆልምማችሁ ግን አትፈትሹ፤ ውስጡ ያለው ክር ይጎዳል።

ብዙ ሰው የሚረሳው ቺንጋውን የሚወጥረውን ኩሽኔታ ነው። ኮዮ ወይም ኤንኤስኬ የተባለውን ብራንድ አብራችሁ ግዙ፤ ስጠይቅ 2,600 ብር ነበር። አሮጌው ኩሽኔታ አልዞር ብሎ ከነከሰ አዲሱን ቺንጋ ይበላዋል። ፓራኦሊዮው (ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው ጎማ) ካንጠባጠበም አሁኑኑ ይቀየር፤ ዘይት የነካው ቺንጋ አይከርምም።

ቤት ውስጥ መቀየር የ3,000 ብር የእጅ ዋጋ ያድናል። አሮጌውን ከማውለቃችሁ በፊት ምልክቶቹን አጋጥሙ፦ የኮሎውን (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ)፣ የካሙን (ቫልቮላውን የሚከፍተው ዘንግ)፣ የፖምፓውን (የናፍታው ፓምፕ)። አዲሱን ካስገባችሁ በኋላ ኮሎውን በመፍቻ ሁለት ሙሉ ዙር በእጅ አዙሩና ምልክቶቹ መልሰው መግጠማቸውን እዩ። ከያዘባችሁ ቁሙ፣ አታስገድዱት። ይህን ሳታዩ በሞተሪኖ መሞከር በፍጹም የለም።

ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የቺንጋ መብራት በ100,000 ኪሎ ሜትር ይበራል። ያገለገለ መኪና ከገዛችሁ ግን እሱን አትጠብቁ። አምፖሉ ወልቆ፣ ቆጣሪው ወደ ኋላ ተመልሶ ሊሆን ይችላል። በገዛችሁ ሳምንት ቀይሩት።

የእኔ ባንዶ አሁን 38 ሺህ ኪሎ ሜትር ሄዷል። ሰሞኑን ሽፋኑን ከፍቼ በባትሪ አየሁት። ጥርሱ ሙሉ ነው፤ ጀርባው ላይ ያለው ጽሑፍ እስካሁን ይነበባል።