ምስጋና ለቅዳሜ ገበያው ዱላ ሠሪ

ጎንደር ውስጥ ደጋንና ፍላጻ በእጃችሁ የምትሠሩ ጥቂት ሰዎች እንዳላችሁ አውቃለሁ። ይህ ጥቆማ ለእናንተ ነው። መጀመሪያ ግን ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ዱላና መቋሚያ የሚሠሩትን አባት ከልብ አመሰግናለሁ። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ስማቸውን እንዳልለጥፍ ስለነገሩኝ፣ የፈለገ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ።

ደጋኑ ብዙም አላስቸገረኝም። ያንገላታኝ የፍላጻው ዘንግ ነው። ከአንድ እንጨት ቤት ተሰንጥቆ የተላገ ዘንግ አሠርቼ ነበር። ሲያዩት ሸጋ ነው፤ ሲወነጨፍ ግን ይሰበራል። ጋሼ አንዱን አንስተው የእንጨቱን መሥመር በጥፍራቸው ተከተሉት። ጫፍ ሳይደርስ ወደ ጎን ወጥቶ አለቀ። «ይሄማ እጅህ ላይ ነው የሚሰነጠቅ፤ ጣለው ልጄ» አሉኝ።

እሳቸው የመረጡልኝ ክትክታ ነው። ያውም ከተቆረጠ ጉቶ ላይ ቀጥ ብሎ የወጣውን፣ ውፍረቱ ከትንሿ ጣት የማይበልጠውን። ጉጥ የበዛበትን አይነኩም። የሚቆርጡት በበጋ ነው፤ የክረምት እንጨት ውሃ ያዘለ ስለሆነ ሲደርቅ ያስቸግራል። ጫፉ መሰንጠቁ አይቀርምና ከሚፈለገው አንድ ስንዝር ያህል ያስረዝሙታል። ከነልጡ አንድ ላይ ጠፍንገው ያስሩትና ጥላ ውስጥ ይሰቅሉታል። ይህ ወራት ይፈጃል። «ቶሎ ይበሉልኝ» ብትሏቸው ዞር ብለውም አያዩዋችሁ።

አቃንቶ ማውጣቱ ላይ ግን እጃቸው የተባረከ ነው። የጎበጠውን ቦታ ብቻ ፍም ላይ ያሞቁታል። እንዳይከስል እያገላበጡ፣ ለእጅ እስኪያቃጥል ድረስ ነው። ከዚያ ጉልበታቸው ላይ ደግፈው ወደ ተቃራኒው ትንሽ አሳልፈው ያጎብጡትና እስኪቀዘቅዝ ይይዙታል። ቶሎ ከተለቀቀ ይመለሳል። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው እንደ ጠመንጃ ያነጣጥሩበታል፤ ካልጣማቸው እንደገና ወደ ፍሙ። ሲቃና በጠርሙስ ስባሪ ይፍቁታል፣ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሱታል፣ የተልባ ዘይት ይቀቡታል።

እኔን ያስገረመኝ ሌላ ነው። ፍላጻ ሲለቀቅ ጎበጥ ቀና እያለ ነው ደጋኑን የሚያልፈው። ዘንጎቹ እኩል ካልጠነከሩ አንዱ ግራ፣ አንዱ ቀኝ ይሄዳል። የተለመደው መለኪያ ዘንጉን በ66 ሴንቲ ሜትር ርቀት ሁለት ቦታ አስደግፎ፣ መሐሉ ላይ 900 ግራም ያህል አንጠልጥሎ የረገበውን ማየት ነው። ይህን ስነግራቸው ሳቁ። በአውራ ጣታቸው እየተጫኑ ጠንካራውን ለብቻ፣ ለስላሳውን ለብቻ ደረደሩልኝ። ቤት ገብቼ ስለካው የአንዱ ረድፍ ልዩነት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ምን ይባላል!

ዋጋቸው አይጎዳም። ስልክ ግን አያነሱም፤ በአካል ሂዱ። ጥምቀት ሲቃረብ ዱላና መቋሚያ ፈላጊው ስለሚበዛ ያኔ አትድረሱባቸው። ላባና ጅማት የእናንተ ሥራ ነው። አውታሩ የሚገባበትን ጫፍ ከቀደዳችሁ በኋላ ከሥሩ በክር አጥብቃችሁ ጠምጥሙት፤ አለበለዚያ ይተረተራል። ወፍራሙ ጫፍ ወደ ፊት ይሁን። ስትሄዱ ደጋናችሁን ያዙ፤ ጋሼ ስበው ክብደቱን ሳያዩ ዘንግ አይመርጡም።