ጅማ ላይ የመኪና ድምፅ ማሠራት ለምትፈልጉ

አጂፕ አካባቢ የሚሠራ አንድ የመኪና ኤሌክትሪሺያን አለ። ሳላመሰግነው ባልፍ ነውር ስለሚሆንብኝ ነው ይህን የምጽፈው።

ኮሮላዬ ሦስት አምፕሊፋየር (የድምፁን ኃይል ማጉያ፣ ባጭሩ አምፕ) አለው። አንዱ ለፊት ስፒከሮች፣ አንዱ ለኋላ፣ ትልቁ ቤዙን ለሚያወጣው ስፒከር፣ ለሰብውፈሩ። መጀመሪያ የገጠመልኝ ሌላ ሰው ነው፤ ስሙ ይቅር። ቤዙ በመታ ቁጥር የፊት መብራቱ ይጨፍራል። ነዳጅ ስረግጥ ደግሞ ስፒከሩ ውስጥ ፉጨት የመሰለ ድምፅ አብሮኝ ከፍ ይላል። ያማከርኩት ሁሉ "ትልቅ ባትሪ ግዛ" ይለኝ ነበር።

ይሄ ልጅ ግን ቴስተሩን አወጣ። ሞተሩ እንደበራ ባትሪው ላይ ለካ፤ 14 ቮልት። ሙዚቃው እየጮኸ ኋላ አምፑ ላይ ሲለካ 11 ገባ። "ጋሼ፣ ባትሪዎ ጤነኛ ነው። ኃይሉ መንገድ ላይ እየቀረ ነው" አለኝ። ሽቦውን በቢላ ፋቅ አድርጎ አሳየኝ። ላዩ መዳብ፣ ውስጡ ነጭ አሉሚኒየም! በዚያ ላይ ቀጭን። ሦስቱ አምፖች ተደምረው 1200 ዋት ቢሰጡ በ12 ቮልት 100 አምፔር ይሆናል፤ በሙቀት የሚባክነው ሳይቆጠር። ያ ሽቦ ይህን ከየት አባቱ ይችላል?

35 ካሬ ሚሊሜትር ንጹህ መዳብ አስገዛኝ። ዋናውን ፊውዝ ከባትሪው አንድ ክንድ ሳያርቅ አሠረው። ፊውዙ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ሽቦው ወደ ውስጥ ሲገባ ተልጦ ቦዲ ቢነካ፣ ፊውዙ ኋላ ከተቀመጠ እሳት ነው። ኋላ ላይ ደግሞ ለየአምፑ የራሱን መስመርና የራሱን ፊውዝ ሰጠው።

እኔን የገረመኝ ኔጋቲቩ ላይ ያጠፋው ጊዜ ነው። የድሮው ሰው አንዱን የወንበር ብሎን ላይ፣ ሌላውን ቀለም ላይ፣ እንዳመቸው ነበር ያሰረው። ልጁ ሁሉንም ነቅሎ አንድ ቦታ ሰበሰባቸው። ብረቱ እስኪያበራ ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገ፣ በብሎን ጥርቅም አድርጎ አሰረ፣ በእጁ ጎትቶ ሞከረ፣ ከዚያ ግሪስ ቀባው። የጅማ ዝናብ ለብረት እንደማይራራ ያውቃል። የሙዚቃውን ሲግናል የሚወስደው ኬብልም ከኃይሉ ሽቦ ጋር ተጠምዶ ነበርና አለያያቸው፤ አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ። ፉጨቱ እዚያው ጠፋ። ሦስቱንም አምፕ ከቴፑ የምታበራው ቀጭን ሽቦ እንዳትጨናነቅ ሪሌ (በትንሽ ኃይል ታዞ ትልቁን የሚያበራ ማብሪያ) ጨመረላት።

በመጨረሻ የየአምፑን ጌን፣ ማለት ከቴፑ የሚመጣውን ሲግናል ምን ያህል እንደሚያጎላ የሚወስነውን ማስተካከያ፣ ቀነሰ። ቅር ብሎኝ ነበር። በአጋሮ መንገድ ስንሞክረው ግን ድምፁ ጥርት ብሏል፤ መብራቱም ጭፈራውን ትቷል።

ልንገራችሁ፣ ልጁ አይቸኩልም። ቡና ሳይጠጣማ መፍቻ አያነሳም። ቅዳሜ ባትሄዱ ይሻላል፣ ሰው ይበዛበታል። የእጅ ዋጋውም ርካሽ አይባልም፤ ግን ሳይጀምር ይነግራችኋል፣ ከዚያ በኋላ አይጨምርም።

እጅህ ይባረክ ወንድሜ! ስሙና ስልኩ እዚህ እንዲወጣ ስላልፈለገ በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ እሰጣለሁ። ሽቦ ቀድማችሁ አትግዙ፤ መጀመሪያ ይለካላችሁ።