በየቀኑ ማርፈድ ወይስ አልፎ አልፎ መቅረት?

በእንግሊዝ በመንግሥት በጀት የሚተዳደሩ የካቶሊክ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በዓመት 190 ቀን ያስተምራሉ። ስም የሚጠራው ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ጥሪው 380 ይደርሳል።

በየሁለት ሳምንቱ አንድ ቀን የሚቀር ልጅ 19 ቀን ያጣል፤ 10 በመቶ ስለሆነ «ተደጋጋሚ ቀሪ» ተብሎ ይመዘገባል።

በየቀኑ 10 ደቂቃ የሚያረፍደው ወደ 32 ሰዓት ያጣል። ያነሰ ይመስላል፤ ግን የሚያመልጠው ሁልጊዜ ያው ክፍለ ጊዜ ነው፦ የጠዋት ጸሎትና ብዙ ጊዜ ማለዳ የሚሰጠው የፊደላት ድምፅ ትምህርት። ትምህርቱ ደረጃ በደረጃ ስለሚሄድ፣ ዛሬ ያልተማረው ድምፅ የነገውን ቃል እንዳያነብ ያደርገዋል። መዝገቡ ከተዘጋ በኋላ የደረሰማ ለዚያ ጠዋት እንደ ቀሪ ይቆጠራል። ስለዚህ ልጃችሁ እንዳያረፍድ አስቀድማችሁ የመኝታ ሰዓቱን አስተካክሉ።